ዳስቲ ቤከር ለ2024 ይመለስ ወይስ ይብቃው?

ብርቱካኗ (ሂዩስተን)
ኦክቶበር 24፣ 2023

11 ለ 4። የቤዝቦል ቡድናችን አስትሮስ በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ በገዛ ሜዳችን ተሸነፈ፣ ያውም በቴክሳስ ሬንጀርስ! ዳላስ ያሉት ዘመዶቼ ማታውኑ መሳቂያ አድርገውኛል። ስልኬን ዘግቼዋለሁ።

ንዴቱ ሳይበርድ አንድ ነገር እንነጋገር። የአሰልጣኛችን የዳስቲ ኮንትራት አልቋል። ሰውዬው 74 ዓመቱ ነው። በአራት ዓመት አራት ጊዜ ለአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ አድርሶናል። ሁለቴ ወርልድ ሲሪስ (የሁለቱ ሊግ አሸናፊዎች ለዋንጫ የሚገናኙበት) ገብተናል፣ አንዱን በልተናል። እንዲህ ያለ አሰልጣኝ በየትኛው ከተማ ነው "ይሂድ" የሚባለው? ግን ደግሞ ዘንድሮ ቴሌቪዥኑ ላይ የጮህኩትን ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። ያይነር ዲያዝን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማልዶናዶን ሲያሰልፍ ደሜ ይፈላል።

ክለቡ እስካሁን ምንም አላለም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም፣ በጨዋ ደንብ።

ቁጥር_አይዋሽም (ኦስቲን)

ይብቃው። ለሰውዬው ክብር አለኝ። ክብር ግን ነጥብ አያስቆጥርም።

ማርቲን ማልዶናዶ ዘንድሮ የመምታት አማካዩ 0.191 ነው። የዲያዝ 0.282፣ በ104 ጨዋታ 23 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ ውጪ የሚያደርስ ምት)። ሁለቱም ካቸር ናቸው፣ ፒቸሩ (ወርዋሪው) የሚወረውረውን ኳስ የሚይዙ። አንዱ 37 ዓመቱ ነው፣ ሌላው 25። ዳስቲ ዓመቱን ሙሉ ማንን መረጠ? ሽማግሌውን። ምክንያቱ ሲጠየቅ "ፒቸሮቹ ለማልዶናዶ መወርወር ይወዳሉ" ነው። ይውደዱ! እኔም ብዙ የምወደው ነገር አለ፣ ሐኪሜ ግን አይፈቅድልኝም።

ሌላም ልጨምር። በመደበኛው ውድድር በሜዳችን 39 አሸንፈን 42 ተሸነፍን። ከሜዳ ውጪ 51 አሸንፈን 30 ብቻ ነው የተሸነፍነው። በፍጻሜውም በሜዳችን ያደረግናቸውን አራቱንም አስረከብን። ይሄ ሁሉ የአሰልጣኙ ጥፋት ነው አልልም። ግን መፍትሔ የሚፈልግ ሰው አላየሁም። ነገም ያው አሰላለፍ፣ ከነገ ወዲያም ያው አሰላለፍ።

የዲሲው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጆች፣ ይሄ ነገር እኛ ዋሽንግተን ላይ ደርሷል። አርኤፍኬ ስታዲየም ከሚጫወቱበት ጊዜ ጀምሮ የናሽናልስ ደጋፊ ነኝ።

ዳስቲ በ2016 መጣ፣ 95 ጨዋታ አሸነፈ። በ2017 ደግሞ 97። ሁለቱንም ዓመት ምድባችንን በአንደኝነት ጨረስን። ሁለቱንም ዓመት በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባለው ጥሎ ማለፍ) በአምስተኛው ጨዋታ ወደቅን፤ አንዴ በዶጀርስ፣ አንዴ በካብስ። የካብሱ 9 ለ 8 ነበር። እየመራን ሳለ ማክስ ሸርዘርን የሚያክል ፒቸር በአምስተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) አስገባ። ሸርዘር ሁለት ሰው አስወጣ። ኢኒንጉን ለመዝጋት አንድ ሲቀረው ሂት (የተሳካ ምት) በሂት ላይ መጣ። ካቸሩ ኳስ አመለጠው፣ ቀጥሎ የካቸር ጥፋት ተፈረደበት፣ ቀጥሎ ባተሩ (መቺው) በኳስ ተመታ። አራት ነጥብ ገባ። እንዲህ ዓይነት ኢኒንግ በዕድሜዬ አላየሁም።

ከሳምንት በኋላ "ኮንትራትህን አናድስም" ተባለ። በሁለት ዓመት 192 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው! እስቲ አሁን ሸርዘርን ባያስገባስ ኖሮ ምን ይባል ነበር? "ምርጡን ፒቸር አስቀምጦ ተሸነፈ" ነዋ።

ቁጥር_አይዋሽም

ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። ከዚያ በሁለት ዓመት ወርልድ ሲሪስ የበላው ማን ነው? እናንተ! ተተኪውን ዴቭ ማርቲኔዝን ይዛችሁ! ያውም እኛን፣ እዚሁ ሂዩስተን ሜዳ፣ በሰባተኛው ጨዋታ። የእርስዎ ምሳሌ ለኔ ነው የሚመሰክረው።

የዲሲው

መብላቱን በልተናል፣ አልካድኩም። ያን ቀን የጨፈርኩትን ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች። ግን በ2018 ከዳስቲ ማግስት 82 ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፍነው። በ2019ም መጀመሪያ ላይ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን "ማርቲኔዝ ይባረር" የሚለው ጩኸት ከተማውን ሞልቶት ነበር። ከዋንጫው ወዲህስ? 2022 ላይ 107 ጨዋታ ተሸነፍን። እንግዲህ ማርቲኔዝ ጥሩ ነው መጥፎ? በየዓመቱ መልሱ ይለዋወጣል። የዳስቲ ግን አይለዋወጥም ነበር። እሱ ባለበት ኤፕሪል ላይ ቁጭ ብለህ "ኦክቶበር እንገናኛለን" ትላለህ።

ሌሊት_9 (አዲስ አበባ)

ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ጨዋታውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ በስልኬ ነው ያየሁት። እግር ኳስ ላይ አልታማም፣ ለቤዝቦል ግን ገና ጀማሪ ነኝ።

ሁለት ጥያቄ። አንደኛ፣ የ74 ዓመት አሰልጣኝ ለምንድነው የተጫዋች ማሊያ የሚለብሰው? ሁለተኛ፣ በዚህ ጨዋታ አሰልጣኝ በእውነት ምን ያህል ይወስናል? ነገሩ ቬንገርን አስታወሰኝ። መጨረሻው አካባቢ ግማሹ የአርሰናል ደጋፊ "ይውጣ" ሲል ነበር። ሲወጣ ጊዜ ደግሞ እነዚያው ሰዎች "እሱ እያለ" ማለት ጀመሩ።

ብርቱካኗ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ፣ እንቅልፍህን ስላጠፋንብህ ይቅርታ።

ማሊያው የድሮ ልማድ ነው። ድሮ አሰልጣኞቹ ራሳቸው ይጫወቱ ነበር፣ ልብሱ እንደዚያው ቀረ። ዳስቲ ደግሞ ላብ ማበሻውን ክንዱ ላይ፣ ስንጥሩን አፉ ውስጥ ካላደረገ ዳስቲ አይደለም።

ውሳኔውን በተመለከተ፦ ማን ይሰለፋል፣ በስንተኛ ተራ ይመታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፒቸሩ መቼ ይወጣል። የወጣ ተመልሶ አይገባም፣ ስለዚህ ከተሳሳትክ አለቀ። ግን መደበኛው ውድድር ብቻ 162 ጨዋታ ነው፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑ። ስድስት ወር ሙሉ ከየአገሩ የመጡ ወንዶችን አንድ ክፍል ውስጥ ሳይባሉ ማኖርም ሥራው ነው። ዳስቲ እዚያ ላይ ወደር የለውም።

ከቬንገር ግን ይለያል። ቬንገር 22 ዓመት አንድ ክለብ ነበር። ይሄ ሰው አምስት ክለብ ይዟል፦ ጃያንትስ፣ ካብስ፣ ሬድስ፣ ናሽናልስ፣ አስትሮስ። አምስቱንም የምድብ አሸናፊ አድርጓል። ከእሱ በፊት በአምስት ክለብ ያደረገው የለም።

ቤይ_ኤሪያ (ኦክላንድ)

አምስቱንም አሸናፊ ማድረጉን አነሳሽ፣ ከአራቱ መባረሩን ወይም ኮንትራቱ አለመታደሱን ዘለልሽው እንጂ! ቀልዴን ነው።

እኔ ከ90ዎቹ ጀምሮ የጃያንትስ ሰው ነኝ። ዳስቲን በመጀመሪያ ያወቅነው እኛ ነን፣ ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

በ1993 አዲስ አሰልጣኝ ሆኖ 103 ጨዋታ አሸነፈ። ፕሌይኦፍ አልገባም! አትላንታ 104 አሸነፈች፣ ያኔ ደግሞ ከየምድቡ አንድ ቡድን ብቻ ነበር የሚያልፈው። በመጨረሻው ቀን ለጀማሪው ሰሎሞን ቶሬስ ኳሱን ሰጠው፣ ዶጀርስ 12 ለ 1 ቀጡን። ብዙ ሰው ያኔ ለምን ልምድ የሌለው ልጅ ላይ እምነቱን ጣለ አለ። ዛሬ የሚወቀሰው በተቃራኒው ነው፣ ነባሮቹን ብቻ ያምናል ተብሎ። አንዳንዴ ከሰው አፍ የሚያመልጥበት መንገድ የለም።

በ2002 ቡድኑ ውስጥ ባሪ ቦንድስና ጄፍ ኬንት ነበሩ። አይዋደዱም። ሳንዲዬጎ ላይ በጨዋታ መሃል፣ ካሜራ እያየ፣ ተያያዙ። ያን ዓመት እነዚያን ሁለቱን ይዞ ወርልድ ሲሪስ ደረሰ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ቡድኑ ጁላይ ላይ ይበተን ነበር፣ በዚህ አልከራከርም።

ከዚያ ስድስተኛው ጨዋታ። ሦስት ለሁለት እየመራን፣ በዚያ ጨዋታ 5 ለ 0 እየመራን፣ ሰባተኛው ኢኒንግ። ዋንጫው ስምንት አውት (ባተር ማስወጣት) ብቻ ቀርቶታል። ፒቸራችን ረስ ኦርቲዝ ሁለት ሂት ተመታበት፣ ዳስቲ ሊያወጣው መጣ። ሲያወጣው ኳሱን ለማስታወሻ ሰጠው። ገና ሳናሸንፍ! ተጋጣሚዎቻችን ኤንጅልሶች ያን እያዩ ነበር። ስኮት ስፒዚዮ ባለ ሦስት ነጥብ ሆም ረን መታ፣ በስምንተኛው ጨረሱን፣ 6 ለ 5። በማግስቱም ተሸነፍን። ያቺን ኳስ እስከዛሬ በሕልሜ አያታለሁ።

ግን ልብ በሉ። ቦንድስንና ኬንትን አንድ ላይ ያቆመው ጠባዩና ኳሷን ያስሰጠው ጠባዩ ያው ነው። ሰው አክባሪ ነው። ኦርቲዝ ጥሩ ሠርቷልና ክብሩን ይዞ ይውጣ አለ። አንዱን ወደህ ሌላውን ቀንስልኝ ማለት አይቻልም።

ቁጥር_አይዋሽም

ቆንጆ አድርገህ ገለጽከው፣ እኔ ግን እዚህ ላይ ነው የምለያችሁ። አክብሮቱ የሰው ክንድ ሲበላስ?

ፒቸሩ ማርክ ፕራየር። በ2003 ካብስ ውስጥ 18 አሸንፎ 6 ብቻ የተሸነፈ ልጅ፣ ገና 23 ዓመቱ። በናሽናል ሊግ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ በስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ 0 እየመሩ ነበር። ሁሉም የሚያወራው ተጫዋቹ ሊይዛት የነበረችውን ኳስ ስለነካው ተመልካች ነው። ምስኪን ሰውዬ! እሱ የነካው አንድ ኳስ ነው። ከዚያ አንድ ዎክ (በመጥፎ ውርወራ ለባተሩ የሚሰጥ ነፃ ማለፊያ)፣ አንድ ሂት፣ አሌክስ ጎንዛሌዝ የጣለው ቀላል ኳስ፣ ቀጥሎ ደግሞ እኩል ያደረጋቸው የዴሬክ ሊ ምት። እስከዚያ ድረስ ፕራየር ጉብታው (የፒቸሩ መቆሚያ) ላይ ነው፤ 119 ኳስ ወርውሯል። ተጋጣሚዎቹ ማርሊንስ በአንድ ኢኒንግ ስምንት ነጥብ አስገቡ። ፕራየር ከ2006 በኋላ በሜጀር ሊግ አንድም ጨዋታ አልወረወረም። ሌላው ፒቸር ኬሪ ዉድም በጉዳት ተንከራተተ።

ጉዳቱን ያመጣው ዳስቲ ብቻ ነው ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ክንድ በብዙ ምክንያት ይጎዳል። ግን ልጁን ማውጣት የነበረበት ሰው አንድ ነው።

ብርቱካኗ

የሃያ ዓመት ክስ ይዘህ መጣህ? ሰው አይማርም?

2022፣ ወርልድ ሲሪስ፣ አራተኛው ጨዋታ። ፒቸራችን ክርስቲያን ሃቪየር ስድስት ኢኒንግ አንድም ሂት አልተመታበትም። በወርልድ ሲሪስ ታሪክ እስከዚያ ቀን ድረስ ሂት ሳይመታበት የጨረሰው ዶን ላርሰን ብቻ ነበር፣ በ1956። የድሮው ዳስቲ ቢሆን ልጁን እስከ ዘጠነኛው ይተወው ነበር። ምን አደረገ? በ97 ኳስ አወጣው። አብሬዩ፣ ሞንቴሮ፣ ፕረስሊ ተረከቡ፣ ያለ ሂት ጨረሱት፣ 5 ለ 0።

ስድስተኛውን ጨዋታ ደግሞ አስታውስ። በስታቲስቲክስ የሚወስነው ማን ነበር? የፊላደልፊያው አሰልጣኝ። ፒቸሩ ዛክ ዊለር እንደ እሳት እየወረወረ ሳለ በ70 ኳስ አወጣውና አልቫራዶን አስገባ። የኛው ዮርዳን አልቫሬዝ ያቺን ኳስ የት እንዳደረሳት ታውቃለህ። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ድምፄ ሦስት ቀን ዘግቶኛል።

ቁጥር_አይዋሽም

የዚያኑ ወርልድ ሲሪስ አንደኛ ጨዋታ ለምን ዘለልሽ? ፒቸራችን ቨርላንደር፣ 5 ለ 0 እየመራን። በአራተኛው ሦስት ገባበት። ዳስቲ ዝም። በአምስተኛውም ላከው፣ እኩል ሆነ። በአሥረኛው 6 ለ 5 ተሸነፍን። 2002 ላይ 5 ለ 0፣ 2022 ላይ 5 ለ 0፣ ሁለቱም 6 ለ 5 አለቁ። ስሙ ትልቅ የሆነ ተጫዋች ፊት እጁ ይታሰራል። ማልዶናዶም ያው ነው።

ዘጠነኛ_ኢኒንግ (ሲያትል)

የገለልተኛ አስተያየት። ካቸር በባት ብቻ አይመዘንም። ፒቸሩ ምን እንዲወረውር የሚጠይቀው፣ ሲደናገጥ ጉብታው ድረስ ሄዶ የሚያረጋጋው እሱ ነው። ማልዶናዶ የ2022ን ዋንጫ ያመጣ ካቸር ነው። ይሄን ሁሉ ብዬ ግን ዲያዝን በሌላ ቦታም ቢሆን በየቀኑ አለማሰለፍ ይቅርታ የለውም። ለፍጻሜው ሰባት ጨዋታ ያን ባት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?

ቤይ_ኤሪያ

እዚህ ላይ ከቁጥር_አይዋሽም ጋር ነኝ። ይሄኛውን ለመከላከል ሞከርኩ፣ አቃተኝ።

የዲሲው

የረሳችሁት ነገር አለ። በጃንዋሪ 2020 አስትሮስን ማን ይፈልገው ነበር? የተጋጣሚን ካቸር ምልክት እየሰረቁ፣ በቆሻሻ መጣያ በርሜል ድምፅ ለባተሩ እየነገሩ መጫወታቸው ታወቀ፣ አሰልጣኙ ኤ ጄ ሂንች ተባረረ፣ አገር በሙሉ አፍንጫውን ያዘ። የ70 ዓመት ሰው ጠሩ። ገና ከመጀመራቸው የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2021 ተመልካች ሲመለስ ደግሞ በየከተማው ስድብ ይዘንብ ነበር። ዳስቲ ስርቆቱ ሲፈጸም አልነበረም፣ ግን ማይክሮፎኑ ፊት እየቆመ የልጆቹን ስድብ ተቀበለላቸው። አንድም ቀን "እኔ ያኔ አልነበርኩም" ብሎ ገለል አላለም።

ያን ቁጥር የት ታስገባዋለህ ልጄ?

ቁጥር_አይዋሽም

እሱን የትም አላስገባውም ጋሼ፣ ይሄን እቀበላለሁ። ያኔ ከእሱ የተሻለ ሰው አይገኝም ነበር። እኔ የምለው ስለ 2024 ነው። ቃጠሎው ጠፍቷል፣ አሁን የሚያስፈልገን ወጣቶቹን የሚያሰልፍ ሰው ነው።

ሌሊት_9

ዳስቲ በዘንድሮው ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ከሜዳ ሲባረር አይቼዋለሁ። ዳኛው "ውጣ" ሲለው አልወጣም ብሎ ቆሞ ሲከራከር ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለተባረረው ፒቸር ለአብሬዩ ነበር አይደል የተቆጣው? በዚያች ቅጽበት ወደድኩት። አሁን እናንተ ስትከራከሩ ደግሞ ግራ ገባኝ።

ቤይ_ኤሪያ

ግራ መጋባቱ ትክክለኛው ስሜት ነው፣ እኛ ከገባንበት ሠላሳ ዓመት ሆኖናል።

በነገራችን ላይ አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊትም ታሪክ ያለው ሰው ነው። በ1974 ሃንክ አሮን የቤብ ሩትን ሪከርድ የሰበረበትን 715ኛ ሆም ረን ሲመታ ቀጥሎ ተራውን እየጠበቀ የቆመው ወጣት ዳስቲ ነበር። በ1981 ደግሞ በተጫዋችነት ከዶጀርስ ጋር ወርልድ ሲሪስ በልቷል። ልጆች ሲጠይቁት ይሄን ሁሉ ያወራላቸዋል።

ብርቱካኗ
ኦክቶበር 26

ወሬው እውነት ሆነ። ዛሬ በይፋ ተናገረ፣ አሰልጣኝነት በቃኝ ብሏል። ሌላ ቦታ በአማካሪነት መሥራት እንደሚፈልግ ይናገራል እንጂ ዳጋውት (የቡድኑ መቀመጫ) ውስጥ አይመለስም። 26 ዓመት በአሰልጣኝነት፣ 2,183 ድል።

የኛ ክርክር ሳያልቅ እሱ ጨረሰው።

የዲሲው

ቢያንስ ራሱ ወስኖ ወጣ። እኛ ጋ እንደሆነው አልሆነም።

ዘጠነኛ_ኢኒንግ

በ2023 ሥራውን ሲያቆም በድል ብዛት ከታሪክ ሰባተኛ ሆኖ ነው። ያኔ ከላዩ የነበሩት ስድስቱ ሁሉም ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል የክብር መዝገብ) ገብተዋል፤ ማክ፣ ላ ሩሳ፣ ማክግሮው፣ ኮክስ፣ ቶሪ፣ አንደርሰን። 2,000 ድል የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ እሱ ነው። ወርልድ ሲሪስ በመብላት ደግሞ ከሲቶ ጋስተንና ከዴቭ ሮበርትስ ቀጥሎ ሦስተኛው ጥቁር አሰልጣኝ። የሚያከራክር አይመስለኝም።

ቁጥር_አይዋሽም

እኔም ድምፄን እሰጠዋለሁ። ምን ያስደንቃል? ይብቃው ማለትና ሆል ኦፍ ፌም ይግባ ማለት አይጋጩም። የ2022 ዋንጫ ባይኖር ግን ይሄን አልልም ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ያለ ዋንጫ "በኦክቶበር የሚወድቅ ሰው" የሚለው ስም ይከተለው ነበር። የሲንሲናቲ ሰዎችን ጠይቁ፤ በ2012 ሁለት ለዜሮ እየመሩ ሦስቱን በሜዳቸው ተሸነፉ። ያሸነፋቸው ደግሞ ብሩስ ቦቺ ነበር፣ ዘንድሮ ሬንጀርስን ይዞ እኛን የሸኘን ያው ሰውዬ።

ብርቱካኗ

ቦቺን አታንሳብኝ።

ቀጣዩስ ማን ይሁን? እኔ ምክትሉን ጆ ኤስፓዳን እላለሁ። ከ2018 ጀምሮ እዚህ ነው፣ ልጆቹን ያውቃቸዋል፣ ስፓኒሽ ይናገራል።

ቁጥር_አይዋሽም

ዲያዝ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከዳስቲ ጎን የቆመው ማን ነበር? ኤስፓዳ አይደል? ዝም ብሎ ሲያይ ከርሞ አሁን እሱን?

ብርቱካኗ

ምክትል አለቃውን በካሜራ ፊት ይሳደብ እንዴ? አንተ ሥራ ቦታህ እንዲህ ታደርጋለህ?

ቁጥር_አይዋሽም

በካሜራ ፊት ይሳደብ አልኩ? ከካሜራ ጀርባ ምን ይል እንደነበር እናያለን። ሹመቱን ካገኘ የኤፕሪልን አሰላለፍ ነው የማየው። ዲያዝ ካቸር ሆኖ ከተሰለፈ አጨበጭብለታለሁ። ማልዶናዶን መልሰው ካስፈረሙት ግን እዚሁ እንገናኛለን።